ብልቃጡ ከነሳጥኑ፦ የቆዩ ሽቶዎችን ከነማሸጊያቸው ስለ መሰብሰብ

(በፋኩልቲው ወርኃዊ የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ግልባጭ፤ ለንባብ እንዲመች በተናጋሪው መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል። በንግግሩ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)



አስቀድሜ ከፊቴ ባለው ጠረጴዛ ላይ ስላሉት ሦስት ነገሮች ልናገር። የመጀመሪያው ከግማሽ በታች የጎደለ፣ ውስጡ የጠቆረ ፈሳሽ ያለበት የመስታወት ብልቃጥ ነው። ሁለተኛው የተዘጋ ሐምራዊ ሳጥን ነው፤ በውስጡ ከመጀመሪያው ጋር በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ የተገዛ ሌላ ብልቃጥ አለ። ሦስተኛው የበሬ ቀንድ ነው። የዛሬው ንግግሬ በዋናነት ሁለቱን ብልቃጦች ስለ ለያየው ሳጥን ነው። ቀንዱ ለምን እንደ መጣ ወደ መጨረሻው ግልጽ ይሆናል።

ሁለቱም ብልቃጦች የጌርላን ቤት ሻሊማር የተባለው ሽቶ ናቸው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ለትምህርት ፓሪስ የነበሩት አክስቴ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ገዝተው አመጧቸው። አንዱን ከፍተው በእሑድና በበዓል ቀን ብቻ ጠብ እያደረጉ ለብዙ ዓመታት ተጠቀሙበት። ሌላውን «ለደግ ቀን» ብለው በቁም ሳጥናቸው ታችኛው መሳቢያ፣ ከነጠላቸው ሥር አኖሩት። ደጉ ቀን አልመጣ እንደ ሆነ፣ ወይም መጥቶ ደግ መሆኑን አላወቁት እንደ ሆነ እንጃ፤ አክስቴ ብልቃጡን ሳይከፍቱት አረፉ። ልጃቸው የምትኖረው በውጭ አገር ስለሆነ ሁለቱንም ለእኔ በአደራ ሰጠችኝ። ኬሚስት በመሆኔ ከማንም ይልቅ እንደምጠብቃቸው ገምታ ነበር።

ያደረግሁትን ልንገራችሁ። የተከፈተው ብልቃጥ ሳጥን ጠርዙ የተቦጫጨቀ፣ ክዳኑም የላላ ነበርና ጣልኩት። ብልቃጡ ግን ብርሃን ሲያልፍበት እንደ ማር ያበራ ስለ ነበር በቢሮዬ መስኮት ደፍ ላይ አስቀመጥኩት። በአራተኛው ዓመት ከፍቼ ባሸተትኩት ጊዜ አክስቴን በውስጡ አላገኘኋቸውም። መጀመሪያ አፍንጫዬን የመታኝ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያን የሚመስል ሽታ ነበር፤ ቀጥሎ ኮምጣጤ የሚመስል ነገር፤ ከብዙ ደቂቃ በኋላ ደግሞ ከሥር የተቃጠለ ስኳርና የቆዳ ሽታ መጣ። የቆዩ ሽቶዎችን ከነሳጥኖቻቸው መሰብሰብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሰብሳቢ ያደረገኝ አደራ መብላቴ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ተማሪዎቼ ይህን ታሪክ እንደ ሙከራ ቢያቀርቡልኝ አልቀበላቸውም ነበር። ሁለቱ ብልቃጦች የተለያዩት በሳጥን ብቻ አይደለም፤ አንዱ የተከፈተ፣ ሌላው የታሸገ ነው። አየሩ ምን ያህል፣ ብርሃኑ ምን ያህል እንደ ጎዳው ከዚህ ምሳሌ ብቻ ለይቶ መናገር አይቻልም። ሆኖም አክስቴ ያንኑ የተከፈተ ብልቃጥ በሳጥኑ ውስጥ ዘግተው ከሃያ ዓመት በላይ ሲጠቀሙበት ሽታው አልተለወጠም ነበር። የለወጠው የእኔ መስኮት ነው።

አሁን ወደ ሳጥኑ ታሪክ እንግባ። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ሽቶ የሚሸጠው በአብዛኛው የመድኃኒት ብልቃጥ በሚመስል ተራ ጠርሙስ ነበር። ገዢዋ ወደ ቤቷ ወስዳ በራሷ ያጌጠ ብልቃጥ ትገለብጠዋለች፤ የመጣበት ጠርሙስ ይጣላል። ይህን ልማድ ከለወጡት ሰዎች ዋነኛው ፍራንስዋ ኮቲ ነው። ኮቲ በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከጌጣጌጥ ሠሪው ከሬኔ ላሊክ ጋር መሥራት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሽቶው፣ ብልቃጡ፣ ልጥፉና ሳጥኑ እንደ አንድ ሥራ ይታሰቡ ጀመር። በፋብሪካ በብዛት የሚመረት ብልቃጥ የጥበበኛ እጅ ያረፈበት መስሎ ወደ ገበያ ወጣ፤ ገዢዋም ይዘቱን መገልበጥ ተወች። ሰብሳቢዎች «ኦሪጅናል ማሸጊያ» የምንለው ነገር የተወለደው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ማሸጊያው የሽቶው አካል ስላልነበረ «ከነማሸጊያው» የሚለው ቃልም ትርጉም አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የተሠሩትን ብዙ ጊዜ ወስጄ ማሳየት በወደድኩ፤ ነገር ግን ጥቂቶቹን ብቻ ልጥቀስ። የካርን ቤት በ1922 ያወጣው ኑዊ ደ ኖኤል፣ ማለትም «የገና ሌሊት»፣ ጥቁር ብልቃጥ ነው፤ ሳጥኑ የዓሣ ቆዳ በሚመስል አረንጓዴ ወረቀት ተለብጦ ዘርፍ የተንጠለጠለበት ነው። ብልቃጡን ብቻ ያየ ሰው ጨለማውን ያያል፤ አረንጓዴው ሳጥን ሲከፈት ግን ሌሊቱ ከጫካ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። የላንቫን አርፔዥ በ1927 ወጣ፤ በክቡ ጥቁር ብልቃጥ ላይ እናትና ልጅ በወርቅ ቀለም ተሥለዋል። ኤልሳ ስኪያፓሬሊ በ1937 ያወጣችው ሾኪንግ የሴት ወገብና ደረት ቅርጽ ያለው ብልቃጥ ነው፤ ሠዓሊዋ ሌኦኖር ፊኒ የሠራችው ሲሆን ሞዴሉ የፊልም ተዋናይዋ ሜይ ዌስት ናት። የሳጥኑ ደማቅ ሮዝ ቀለም በሽቶው ስም እስከ መጠራት ደርሷል። እነዚህን ከሳጥናቸው ነጥሎ መደርደሪያ ላይ ማኖር መጽሐፍን ሽፋኑንና የርእስ ገጹን ቀዶ እንደ ማኖር ነው።

ይሁንና ውበቱ ዛሬ የመጣሁበት ጉዳይ አይደለም። ሳጥኑ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ይጠብቃል፣ ይመሰክራል።

መጠበቁን በኬሚስት አፍ ላስረዳ። ሽቶ በአልኮል የሟሟ የብዙ አሥር፣ አንዳንዴም የብዙ መቶ ውሕዶች ድብልቅ ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ጠንካሮች፣ አንዳንዶቹ ደካሞች ናቸው። ሻሊማር በብዛት የያዘው የቤርጋሞት ዘይት ከደካሞቹ ወገን ነው። በውስጡ ያለው ሊሞኒን ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ በመጀመሪያ ፐርኦክሳይዶችን፣ ቀጥሎም ሌሎች ውሕዶችን ይሠራል፤ ሊናሊል አሲቴት የተባለውም ውሃ ባለበት ቀስ በቀስ ሲበጠስ አሴቲክ አሲድ ይለቃል። የኮምጣጤው ሽታ ይህ ነው። ከሥር ያሉት ቫኒሊንና ኤቲል ቫኒሊን በአንጻሩ ይቆያሉ፤ ፈሳሹን ግን ያጠቁሩታል። ስለዚህ የተበላሸ ሽቶ በአንድ ጊዜ አይሞትም። ራሱ ቀድሞ ይሄዳል፤ እግሩ ይቀራል። በአሮጌ ሽቶ ላይ ተስፋ የቆረጠ ጀማሪ ሰብሳቢ ካጋጠማችሁ፣ በወረቀት ላይ ነክሮ አሥር ደቂቃ እንዲታገሥ ንገሩት።

ብርሃን ይህን ሁሉ ያፋጥናል። ተራ መስታወት ከአልትራቫዮሌት ጨረር አጭሩን ክፍል ቢያስቀርም ረጅሙን ያሳልፋል፤ ክሪስታልም ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለም። ካርቶን ግን ብርሃን አያሳልፍም። የሳጥኑ ጥበብ ሁሉ በዚህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ያበቃል። ሙቀትም አለ፤ እንደ ግምታዊ ደንብ የሙቀት መጠን በአሥር ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር የኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነት በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። በደጋው ከተማችን ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ያለ የእንጨት መሳቢያ ከብዙ ሞቃት አገር ቤቶች የተሻለ መጠበቂያ ነው። መታጠቢያ ቤት ግን በየትም አገር ይቅር።

ከሳጥኑ ቀጥሎ የሚጠብቀው ማኅተሙ ነው። የጥንቱ ምርጥ ብልቃጥ የሚዘጋው በመስታወት ውታፍ ነው፤ ውታፉ ለየብልቃጡ ተሞርዶ የሚገጥም ስለሆነ የአንዱ ውታፍ ለሌላው አይሆንም። በባካራ ክሪስታል ቤት የተሠሩ ብልቃጦችን ብታዩ በውታፉና በብልቃጡ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ታገኛላችሁ፤ ባልና ሚስት እንዳይለያዩ ነው። ተሞርዶ የገጠመውም ቢሆን ትነትን ፈጽሞ አይከለክልም። ስለዚህ ከበሬ አንጀት የሚዘጋጅ ስስ ሽፋን ይረጥብና በውታፉና በአንገቱ ላይ ይወጠራል፤ ሲደርቅ ይጣበቃል፤ ከዚያ በጥጥ ፈትል ተጠምጥሞ ይታሰራል። ፈረንሳዮች ይህን ሥራ ቦድሩሻዥ ይሉታል። በጌርላን ቤት ሥራው በእጅ የሚሠራ የሴቶች ሙያ ሲሆን ሠራተኞቹ «የጠረጴዛ ወይዛዝርት» ይባላሉ። በሁለተኛው ሳጥን ውስጥ ያለው የአክስቴ ብልቃጥ ፈትሉ እንደ ታሰረ ነው። ስሟን የማላውቃት አንዲት ሴት ከሃምሳ ዓመት በፊት የቋጠረችው ቋጠሮ እስከ ዛሬ አልተፈታም።

ወደ መመስከሩ ልሂድ፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ብቆይ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ሰብሳቢን ከገዢ የሚለየው ይህ ነውና።

ሽቶ ስሙን ሳይለውጥ ይዘቱን ይለውጣል። በ1921 በኤርኔስት ቦ የተቀመመው ሻኔል ቁጥር 5 ዛሬም በዚያው ስም ይሸጣል፤ ነገር ግን በመካከሉ የተፈጥሮ ቅመሞች ተወድደዋል፣ አንዳንዶቹ ጠፍተዋል፣ አንዳንዶቹም ተከልክለዋል። ዓለም አቀፉ የሽቶ ቅመማ ማኅበር፣ ኢፍራ፣ ከተመሠረተበት ከ1973 ጀምሮ ለቆዳና ለጤና አደገኛ የተባሉትን ውሕዶች የሚገድቡ ደንቦችን ያወጣል። ከሁሉ በላይ ሰብሳቢዎችን ያሳዘነው የኦክ ሞስ ነገር ነው። ኦክ ሞስ በባሉጥ ዛፍ ላይ የሚበቅል፣ የአገራችን ሰው «የዛፍ ሽበት» ከሚለው ጋር በቤተሰብ የሚዛመድ ላይከን ነው። በ1917 የወጣው የኮቲ ሺፕርና በ1919 የወጣው የጌርላን ሚትሱኮ የቆሙት በእርሱ ላይ ነው። በውስጡ ያሉት አትራኖልና ክሎሮአትራኖል ቆዳን የሚያስቆጡ በመሆናቸው የአውሮፓ ኅብረት በ2017 ባወጣው ደንብ ከለከላቸው፤ ከ2021 ወዲህ እነርሱን የያዘ ምርት በኅብረቱ ገበያ መሸጥ አይቻልም። አቅራቢዎች አትራኖሉ የተወገደለትን ኦክ ሞስ ማዘጋጀት ጀምረዋል፤ ቤቶቹም ቀመራቸውን እንደገና ጽፈዋል። ክልከላው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሰው ቆዳ ከእኔ ናፍቆት ይበልጣልና። ነገር ግን አንድ ታሪክ አጥኚ «ሚትሱኮ» ሲል የትኛውን ሚትሱኮ ማለቱ እንደሆነ የመጠየቅ ግዴታ አለብን።

ይህን ጥያቄ ፈሳሹ አይመልስም። ብልቃጡም ብዙ ጊዜ አይመልስም። ጌርላን በ1912 ላወጣው ለር ብለና በ1919 ላወጣው ሚትሱኮ አንድ ዓይነት ብልቃጥ ተጠቅሟል፤ ውታፉ የተገለበጠ ልብ ይመስላል። ልጥፉ ከተላጠ ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም። የሚመሰክረው ወረቀቱ ነው፤ ምስክርነቱም ሳጥኑን ያተመው ሰው ሊነግረን ካሰበው አይመጣም፤ ሕግና ንግድ በየዘመኑ ካስጨመሩበት ጥቃቅን ምልክት ይመጣል።

ለምሳሌ አንድ ሳጥን ላይ አሥራ ሦስት አሃዝ ያለው የአውሮፓ ባርኮድ ካለ ከ1977 በፊት ሊሆን አይችልም። ሁለት ቀስቶች የተጠማዘዙበት፣ «አረንጓዴው ነጥብ» የሚባለው የማሸጊያ መልሶ መጠቀም ምልክት ካለ ከ1990 ወዲህ ነው። ለአሜሪካ ገበያ በታተመ ሳጥን ላይ የአከፋፋዩ አድራሻ አምስት አሃዝ ባለው የፖስታ ቁጥር ካበቃ ከ1963 በኋላ ነው። የይዘት ዝርዝር በአውሮፓ ማሸጊያዎች ላይ ግዴታ የሆነው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው፤ በዝርዝሩ ውስጥ አለርጂ የሚያስነሱ ሃያ ስድስት ውሕዶች በስማቸው መጻፍ የጀመሩት ደግሞ በ2005 ነው። የአክስቴ ሳጥን ከእነዚህ አንዱም የለበትም። ለዓይን ባዶ የሆነው የሳጥኑ ግርጌ ለእኔ የዕድሜ ምስክር ወረቀት ነው።

በዚህ ገበያ የሚፈጸመው ማታለልም የሚያርፈው በሳጥኑ ላይ ነው። ሰብሳቢዎች «ጋብቻ» የሚሉት ነገር አለ፤ ከተለያየ ዘመን የመጡ ሳጥንና ብልቃጥ ተገናኝተው እንደ ዋነኛ ጥንድ ይሸጣሉ። ሳጥኑ ባርኮድ ይዞ ብልቃጡ በአንጀት ሽፋን ታሽጎ ቢመጣ ወዲያውኑ አትመኑ፤ ወዲያውኑም አታባርሩ፤ አንዳንድ ቤቶች በእጅ ማሸግን ለምርጥ ምርታቸው ጠብቀዋልና። ሌላው ፋክቲስ ነው፤ ለሱቅ መስኮት ማሳያ ተብሎ የተሠራ፣ ቀለም የገባበት ፈሳሽ የያዘ ብልቃጥ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ በጥሩ ዋጋ ባለቀለም ፈሳሽ ገዝቻለሁ። ሻጩ አልዋሸም፤ ሳጥን ለምን እንደ ሌለው ሳልጠይቅ የገዛሁት እኔ ነኝ።

ከሰብሳቢዎች መንገድ ጋር ፈጽሞ የሚቃረን ሌላ መንገድ መኖሩን ማስታወስ ተገቢ ነው። በ1990 በቬርሳይ የተመሠረተው ኦስሞቴክ የሽቶ ቤተ መዛግብት ነው፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንቱ ሽቶ ቀማሚው ዣን ኬርሌዎ ነበር። እዚያ ሽቶዎች በጨለማ፣ በ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ከአየር ይልቅ በአርጎን ጋዝ ተሸፍነው ይቀመጣሉ። የጠፉትንም ከጥንቱ ቀመራቸው እንደገና ይቀምማሉ፤ በ1882 የወጣውን የሁቢጋንን ፉዤር ሮያልና የኮቲን ሺፕር ጎብኚ ማሽተት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ለእነርሱ ሳጥኑ ጉዳያቸው አይደለም፤ ሽታው ነው። እኛ ሰብሳቢዎች ደግሞ ሳጥኑን ይዘን ሽታውን አንደፍርም። በመካከል ሆኜ ሳየው እነርሱ ከእኛ ይልቅ ለሽቶ ታማኞች ናቸው፤ እኛ ደግሞ ከእነርሱ ይልቅ ለታሪክ። ቀመር የትኛው ፋብሪካ በየትኛው ዓመት ምን እንደ ሸጠ፣ ገዢዋም ምን በእጇ እንደ ያዘች አይነግርምና።

አሁን ቀንዱን ላንሳ። ከመርካቶ ከአንድ ሽማግሌ ነጋዴ የገዛሁት ነው፤ ባዶ ነው፤ ግን ጠጋ ብላችሁ ብታሸቱት ባዶ አለመሆኑን ታውቃላችሁ። ይህ የዝባድ ቀንድ ነው።

ዝባድ ጥሪኝ ከተባለው እንስሳ የሚገኝ ቅባት መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ምዕራቡና ደቡብ ምዕራቡ የአገራችን ክፍል፣ ጅማ፣ ሊሙ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ለዘመናት የዝባድ ምንጭ ነበር፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመንም ለፈረንሳይ የሽቶ ኢንዱስትሪ ዋነኛዋ አቅራቢ ኢትዮጵያ ነበረች። ከዱር የተያዘው ወንድ ጥሪኝ መዞር በማይችልበት ጠባብ የእንጨት ቅርጫት፣ ጭስ በማይለየው ጎጆ ይቀመጣል፤ ገንፎ፣ ሥጋ፣ እንቁላልና ቅቤ እየተመገበ በየዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ቀን ቅባቱ ይጨለፋል። ቅባቱ በቀንድ ይጠራቀማል፤ አንዱ ቀንድ ግማሽ ኪሎ ያህል፣ ከዚያም በላይ ይይዛል፤ አፉ በቆዳ ተከድኖ ይታሰርና ወደ ግራስና ወደ ፓሪስ ይጓዛል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የእንስሳት ጥበቃ ድርጅቶች ይህን አያያዝ በይፋ ካወገዙ በኋላ ታላላቅ የሽቶ ቤቶች ወደ ሰው ሠራሽ ምትክ ፊታቸውን አዙረዋል። ውግዘቱ መሠረት አልነበረውም ብዬ አልከራከርም፤ ቅርጫቱን አይቻለሁ። የጥሪኝ ጠባቂው ገበሬ ግን ከብልቃጡ ዋጋ ምን ያህል እንደ ደረሰው የጠየቀ ሰው ጥቂት ነው።

ዝባድ በንጹሑ ሲሸተት ያስከፋል፤ በጥቂቱ ሲቀላቀል ግን አበባውን ሕያው ያደርገዋል። በ1889 በወጣው በዢኪ፣ በሻሊማር፣ በሻኔል ቁጥር 5 ውስጥ ነበረ። የዋናውን ውሕድ፣ የሲቬቶንን፣ አወቃቀር በ1926 ያረጋገጠው ሌዎፖልድ ሩዚችካ ነው፤ አሥራ ሰባት ካርቦን ያለው ቀለበት መሆኑን ሲያሳይ፣ እንዲህ ያለ ትልቅ ቀለበት ሊጸና አይችልም ብለው የሚያምኑትን የዘመኑን ኬሚስቶች አስደነቀ። በ1939 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ካደረጉት ሥራዎቹ አንዱ ይህ ነው። «ሲቬት» የሚለው የአውሮፓውያን ቃል የመጣው ዘባድ ከሚለው የዐረብኛ ቃል ነው፤ የእኛም ዝባድ የዚያው ቤተሰብ ነው። ስለዚህ በኬሚስትሪ መጻሕፍት ውስጥ ስሙ ተቀምጧል።

በሳጥኑ ላይ ግን የለም። የአክስቴን ሳጥን ስድስቱንም ገጽ አንብቤዋለሁ፦ የቤቱ ስም፣ የሽቶው ስም፣ ፓሪስ፣ በፈረንሳይ የተሠራ። በኋላ የይዘት ዝርዝር በሕግ ሲታዘዝ እንኳ የመዓዛው ክፍል በሙሉ «ፓርፋ» በሚል አንድ ቃል እንዲጠቃለል ተፈቅዷል፤ አለርጂ አስነሺ ተብለው የተለዩት ብቻ በስማቸው ይጠራሉ። ስለዚህ ያን ያህል ያመሰገንኩት ምስክር ዓመቱን በትክክል ይነግረኛል፤ ከተማውን ይነግረኛል፤ ሊሙን አይነግረኝም። ሰብሳቢዎች የብልቃጡን ማሸጊያ በዓለም ሁሉ ሲፈልጉ፣ የዝባዱ ኦሪጅናል ማሸጊያ የሆነውን ይህን ቀንድ የሚፈልግ የለም። እኔ የገዛሁት ከአሮጌ የበርበሬ ጆንያ ሥር ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የአንድ ውሳኔ ጉዳይ ነው። በፋኩልቲያችን ቤተ ሙከራ ውስጥ ያለው የጋዝ ክሮማቶግራፍ ከታሸገው ብልቃጥ ጥቂት ጠብታ ቢሰጠው በውስጡ ያለው ዝባድ የተፈጥሮ መሆን አለመሆኑን ሊነግረን ይችላል። ሰው ሠራሹ ሲቬቶን ብቻውን ይመጣል፤ የተፈጥሮው ግን ተዛማጅ የሆኑ ሌሎች ኬቶኖችንና ስካቶልን አስከትሎ ይመጣል። ከተበላሸው ብልቃጥ ለምን አትወስድም ትሉኝ ይሆናል፤ ወስጃለሁ። ሲቬቶኑ አለ፤ የቀረው ግን በለውጥ ውጤቶች ስለ ተጨናነቀ አሳማኝ መልስ አልተገኘም። ለታሸገውም አቋራጭ የለም። መርፌ በአንጀቱ ሽፋን ያልፋል፤ በመስታወቱ ውታፍ አያልፍም። ፈትሉ መቆረጥ አለበት።

ፈትሉ ከተቆረጠ ብልቃጡ በሰብሳቢዎች ዘንድ ከዋጋው ብዙ ያጣል። እርሱ ያን ያህል አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ከተከፈተ ወደ ነበረበት የማይመለስ መሆኑ ነው፤ አንድ የማላውቀው ተመራማሪ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በተሻለ መሣሪያ የሚጠይቀውን ጥያቄ ዛሬ እኔ እዘጋበታለሁ። በማርቆስ ወንጌል የአልባስጥሮስ ብልቃጥ የሰበረችውን ሴት ብዙ ጊዜ አስባታለሁ፤ በዙሪያዋ የነበሩት ስለ ብክነቱ አጉረመረሙ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ካጉረምራሚዎቹ ወገን ነበርኩ።

ሐሳቤን የለወጠው ያ ቀንድ ነው። ሳጥኑ ሊናገር ያልቻለውን የሚናገር ከብልቃጡ ውስጥ ካለው ፈሳሽ በቀር ሌላ ምስክር የለም፤ ያም ምስክር ታሽጎም ቢሆን በዝግታ እያረጀ ነው። ስለዚህ ለባለቤቷ ጻፍኩላት። የመጀመሪያውን ብልቃጥ እንዴት እንዳበላሸሁት እስከ አሁን አልነገርኳትም ነበርና ያንንም ጨምሬ ጻፍኩ።

መልሷ ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ። ፈቅዳለች። አሠራሩም እንዲህ ይሆናል፤ ሳጥኑና ማኅተሙ ከየአቅጣጫው ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ ብልቃጡ ይመዘናል፤ ፈትሉ ቋጠሮው ሳይነካ ከጎኑ ይቆረጣል፤ ሽፋኑና ፈትሉ በፖስታ ተደርገው በሳጥኑ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ናሙናው ከተወሰደ በኋላ ባዶው ቦታ በአርጎን ተሞልቶ ብልቃጡ ይዘጋል፤ ወደ ሳጥኑም ይመለሳል። ከናሙናው በፊት አንድ ጠብታ በአንገቷ ላይ እንዲደረግላት ጠይቃለች፤ ለዚሁ ስትል ለፋሲካ ትመጣለች። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ቅደም ተከተሉ ከደንብ ውጭ መሆኑን አስታውሰውኛል። ቢሆንም ጠብታው ይቀድማል።

ጥያቄ ያላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ከዚያ በፊት ግን በመስኮቱ አጠገብ የተቀመጣችሁ መጋረጃውን ብትዘጉልኝ አመሰግናለሁ፤ ፀሐይዋ ወደ ጠረጴዛው እየመጣች ነው።